እጅ ለመንሣት የማይበቃ ደረጃ

ለክቡር ፊታውራሪ አላምረው፣ የሰገነቱ ችሎት ዳኛና የሕንጻው ኃላፊ
ጎንደር፣ አራዳ

ክቡር ሆይ፣ ከፍ ያለ ሰላምታዬን ከደረጃው ሥር ሆኜ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተ ሰብዎስ? ፈረስዎስ? እኛ አላህ ይመስገን፣ ከወደቁት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው ማድረጌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ወጥቼ በእጅዎ ላደርሰው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።

እንደሚያውቁት የጨርቅ ሱቄ ከአዲሱ የእንጨት ደረጃ ግርጌ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ የድንጋዩ ደረጃ ቢፈርስ ክቡርነትዎ በእንጨት ስላሠሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኔም በበኩሌ ከዚያ ወዲህ የጥጥ ጆንያዎቼን በደጄ ደርድሬ፣ ከችሎት በእግሩ ሳይሆን በጎኑ የሚወርደውን ሕዝብ እቀበላለሁ። ይሁንና ጥቂት ቅሬታ ስላለን በቁጥር ከፍለን ስናቀርብ እንዳይቆጡን።

፩ኛ/ መርገጫው ጠባብ ነው። ጠባብ ስል ከዶሮ እግር በቀር አያስቀምጥም ማለቴ ነው። የቆጥ መሰላል እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ በቆጥ መሰላል ላይ ኩታውን አጣፍቶ የሚወጣ ሰው የለምና። ለመርገጫ የመጣው የጽድ ሳንቃ ሰፊና ወፍራም እንደ ነበር ከማኪና ሲወርድ በዓይናችን አይተናል። በኋላ በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ደረጃ ሆነ። ሌላው ግማሽ የት እንደ ገባ መጠየቅ የእኛ ፋንታ አይደለም፤ ብቻ የፈረስዎ ጋጣ አዲሱ ወለል እጅግ እንደሚያምር፣ ፈረስዎም አራት እግሩን አንሰራፍቶ እንደሚቆም ሰምተን ደስ ብሎናል።

፪ኛ/ ክቡርነትዎ ከሰገነቱ ብቅ ባሉ ቁጥር በደረጃው ላይ ያለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት አለበት። የአባቶቻችን ወግ ስለሆነ አንጠላውም፤ ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ወግ የሠሩት ሜዳ ላይ ቆመው ነው። በእግሩ ጣት ጫፍ የቆመ ሰው ጎንበስ ሲል መቀመጫው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሰውየውም ይከተለዋል። ስለዚህ በከተማችን ጨዋ የሚባለው ሁሉ እያነከሰ ነው፤ በሁለት እግሩ የሚሄደው ባለጌው ብቻ ሆኗል።

፫ኛ/ ይህኛው ለቀልድ አይመቸኝም። ከድብ ባሕር የሚመጡት ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ የሟች ባላቸውን ርስት የባላቸው ወንድም ነጥቋቸው የሚሟገቱ ሴት ናቸው። በሰኔ ወር ለቀጠሯቸው ደረጃውን ሲወጡ ክቡርነትዎ ብቅ አሉ። እሳቸውም እንደ ወጉ እጅ ነሡ፣ ወደቁም። ጥጤን ስተው ድንጋዩ ላይ ስላረፉ እግራቸው ተሰበረ። በደጄ ተጋድመው ሳለ ከላይ ስማቸው ተጠራ፤ ባለቤቴ ሐዲጃ ደግፋቸው ከሥር ሆነው አለሁ አሉ። ጸሐፊዎ ግን አልቀረበችም ብሎ ጻፈ፣ ርስቱም ለባላጋራቸው ተፈረደ። ዛሬም ከቤቴ ተኝተው፣ «ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ መጥቼ ነበር» ይሉኛል፤ እኔም አፍራለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኒህ ሴት ግን ሁለቱንም ያጡት እርስዎን በማክበራቸው ነው።

እኛ የአራዳ ነጋዴዎች የጽዱን ሳንቃም አናጢውንም እናቀርባለን። መርገጫው ሰው ሙሉ እግሩን አሳርፎ ጎንበስ ብሎ የሚቃናበት፣ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ይሁን። ቋሚው በአፈር ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቁም፤ የጎንደር ክረምት አፈር የነካውን እንጨት አይምርም። ሳንቃውም ውሃ እንዳያቁር ወደ ፊት ጥቂት ያዘንብል፣ በጎኑ የእጅ መያዣ ይኑረው። የጎደለን ፈቃድዎ ብቻ ነው። ፈቃድዎን እንዲጠይቁልን ወደ ላይ የላክናቸው አያ አድማሴ አሁንም በወጌሻ እጅ ናቸው።

የወይዘሮ ባንቺአየሁ ነገር እንደገና እንዲታይ ለመስቀል ማግስት ተቀጥሯል፤ ያን ቀን ከቀሩ ርስቱ ለዘለዓለም ሄደ። ስለዚህ በቃሬዛ እናመጣቸዋለን። ደረጃው እስከዚያ ካልተሠራ ከግርጌው ሆነን እንጠብቃለን፣ ስማቸው ሲጠራም አቤት ይላሉ። ድምፃቸው ደካማ ስለሆነ የአራዳ ሰው ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው አቤት ይላል፤ ጸሐፊዎ ያን ጊዜ አልቀረበችም ብሎ ቢጽፍ ብርታቱን እናደንቃለን። ክቡርነትዎም ብቅ ሲሉ ቀጥ ብለን ቆመን ቢያገኙን ይቅርታ ያድርጉልን፤ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው እጅ አይነሣም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለደረጃዎ አጭር ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ፣

ከግርጌ ያለሁት ታዛዥዎ፣
ሸሪፍ ዐብደላ፣ የጨርቅ ነጋዴ
ጳጉሜን ፫ ቀን ፲፱፻፵፪ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎ ከችሎት ሲመለሱ፣ ደረጃው ለእርስዎም ስለሚያስፈራ፣ ፊትዎን ወደ እንጨቱ አዙረው በሁለት እጅዎ እየያዙ የኋሊት ይወርዳሉ። እኛም ከታች ተሰልፈን እጅ እንነሣለን። ከእንፍራንዝ የመጣ አንድ እንግዳ የምናከብረው የትኛውን ወገንዎን እንደሆነ ጠይቆናልና፣ በጽሑፍ ቢያስታውቁን።