የሕዝብ ስንዴ ስለተባለው ሦስት ኪሎ ውሃ

አሰላ፣ መስከረም 1979 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጓድ አሳምነው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጤናዎ፣ በተለይም ኩላሊትዎ፣ እንደምን ከርሟል? የእኔ ሁለቱም ሥራ ስላቆሙ የእርስዎ ደህንነት ከማንም በላይ ያሳስበኛል።

እኔ የእህል መጋዘኑ መዛኝ ወልደአማኑኤል፣ እንደሚያውቁት፣ በየሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄድኩ ደሜን በመሣሪያ እታጠባለሁ። በመካከሉ የጠጣሁት ሁሉ መውጫ ስለሌለው እዚያው ሰውነቴ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ሐኪሙ ሻይና መረቁ ሳይቀር ተደምሮ በቀን ከሁለት ብርጭቆ እንዳላልፍና በየጠዋቱ እንድመዘን አዝዞኛል። ቤቴ ሚዛን ስለሌለኝ ስንዴ በምመዝንበት ባስኩላ ላይ ራሴን እመዝናለሁ።

ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. በአብዮት በዓል ዕለት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጠላ በጣሳ ሞልተው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም እንደከለከለኝ በትሕትና ባስረዳም፣ እምቢታዬን ሰፊውን ሕዝብ እንደ መናቅ ቆጥረው፣ በሞቴ እያሉ ደጋግመው አስጠጡኝ። በራስዎ ሞት እየማሉ የእኔን ማፋጠንዎ ከቸርነትዎ የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ።

2ኛ. በማግስቱ መጋዘኑን ሲጎበኙ ባስኩላው ላይ ቆሜ ደረሱብኝ። ሦስት ኪሎ ጨምሬ፣ ፊቴ አብጦ፣ እግሬ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር። እርስዎም የመጋዘን ሠራተኛ እንዲህ የሚወፍረው የሕዝብ ስንዴ ቢበላ ነው ብለው ደመደሙ። ራስዎ የቀዱት ጠላ በአንድ ሌሊት ስንዴ መሆኑ ለበቆጂ ገበሬዎች ቶሎ ሊነገር ይገባል፤ ዝናብ ሲጠብቁ በከንቱ ደከሙ።

3ኛ. ምርመራው እስኪያልቅ ተብሎ አዲስ አበባ የምሄድበት የይለፍ ወረቀቴ ተያዘ፤ የዚህ ሳምንት እጥበትም አለፈኝ። ጋደም ስል ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ተቀምጬ አድራለሁ። ባለቤቴ የውብዳር ደጅዎን ስትጠና ውላ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብላ ተመለሰች። ፈርቻለሁ፣ ጓድ። ይህን በቀልድ አልጻፍኩትም።

ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ደረቴ ውስጥ ካለው ውሃ የበለጠ የሚያስፈራኝ ስለጠፋ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የእኔን ደግሞ እስከ ሰኞው አውቶቡስ ድረስ እርስዎ ያርዝሙልኝ።

በታላቅ አክብሮትና በታላቅ እብጠት፣
ወልደአማኑኤል በዛብህ

ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱ ካልተፈቀደ፣ ሬሳዬ ከመቀበሩ በፊት ባስኩላው ላይ ይመዘንልኝ። ከቀድሞው ክብደቴ የሚተርፈው የእርስዎ ጠላ ነውና ፈርመው ይረከቡ።