ለራስ ከአስር ስንት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

«ኧረ አንዱም ይበዛብኛል» አሉ እታለም የሺ። ምላሴ ይቆረጥ፣ እንዳለ ተረጎምኩት።

ጥያቄው «ልጅ በመጠበቅ ችሎታሽ ለራስሽ ከአስር ስንት ትሰጫለሽ?» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ ሲባል ምንም አይደለም። በአማርኛ «ለራስዎ ከአስር ስንት ይሰጣሉ?» ብዬ ፊታቸውን ሳይ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሬስ የምትባል የናይሮቢ ሴት አለች። ድርጅቷ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሕፃናት መዋያ ሊከፍት ነው። ጎህ ሳይቀድ በቦክሲ መኪና ተጭነው ሰሊጥ አጨዳ ለሚሄዱ እናቶች ታስቦ ነው። ኃላፊ የምትሆን አንዲት ሴት ትፈለጋለች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከገባሁ ገና ወር አልሞላኝም።

እታለም የሺ ከጎንደር ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ራኩባቸው ውስጥ፣ እዚያች የሣር ዳስ ሥር፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይውላል። የእኔም ልጅ ሰላም ጡት ከተወች ጀምሮ እዚያው ናት። ያላቸው እናቶች ስኳር ወይ ሳሙና ይዘው ይሄዳሉ፣ የሌላቸው ምርቃት። እታለም የሺ እዚህ የኔ የሚሉት ዘመድ የላቸውም። መዋያው በሌላ ሰው እጅ ቢከፈት ልጆቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ እሳቸው ባዶ ራኩባ ታቅፈው ይቀራሉ።

ሁለተኛዋ ተጠያቂ ራሔል ናት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ ጦርነቱ ሲነሳ ልጇን አዝላ የመጣች። «አስር። ዋላሂ አስር» አለችና ምክንያቱን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ግሬስ ደስ አላት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ያቺ ትልቋ ሴትዮ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሎው ሰልፍ ኤስቲም» የሚል ነገር ደጋገመች። አላውቅም አልኳት። ዋሸሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ምሳ ሰዓቴን በስልኬ መዝገበ ቃላት ጨረስኩት። ለራሴ እንዲገባኝ እጽፋለሁ።

ኤስቲሜት፦ የተከመረ ሰሊጥ አይቶ «ይህን ያህል ይወጣዋል» ማለት። ቢሳሳቱም ማንም አይቆጣም።

ጌስ፦ እሱም ግምት ነው፣ ግን «ከምን ተነሥተሽ?» ተብሎ አይጠየቅበትም።

አሴስ፦ ቀርቦ፣ ጠይቆ፣ መርምሮ መገመት። የግሬስ ሥራ ነው።

አንደርኤስቲሜት፦ አሳንሶ መገመት። አማቴ እኔን።

ኤስቲም፦ ይኸኛው ሚዛን የለውም። ሰውን ማክበር፣ ከፍ አድርጎ መያዝ። ኤስቲሜትና ኤስቲም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል መዝገበ ቃላቱ፤ ጥንት በላቲን አንድ ቃል ነበሩ። ይህ በጣም ገረመኝ። አንዷ ገበያ ወጣች፣ አንዷ ቤት ቀረች ማለት ነው።

ሰልፍ ኤስቲም ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ራስን ከፍ አድርጎ መያዝ። «ለራስ የሚሰጥ ግምት» ብለው በአማርኛ የተረጎሙት አሉ። ቃሉ ደህና ነው፤ እኛ ሰፈር ማን አፍ አውጥቶ እንደሚለው ነው የጨነቀኝ።

ማታ ሰላምን ልወስድ ስሄድ እታለም የሺ ቀና ብለው አላዩኝም። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ብጠይቃቸው ተቆጡ።

«ታዲያ ምን ልበል? ራሴን ላወድስ? ገበያ የወጣሁ በሬ ነኝ ጥርሴን ከፍቼ የማሳይ?»

ሰላምን አንሥቼ አቀፍኳት።

«ስለ እኔ የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነው? አንቺ አጠገቤ አልነበርሽም?»

ለካ ምስክራቸው አድርገው ቆጥረውኝ ኖሯል። እሳቸው «አንዱም ይበዛብኛል» ሲሉ፣ እኔ ቀበል አድርጌ «ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ልጄን ያሳደጉልኝ እርስዎ አይደሉ?» ማለት ነበረብኝ። ደንቡ እንዲያ ነው። አውቀዋለሁ፤ ጎንደር ያደግሁ ሰው ነኝ። እኔ ግን የተባለውን ብቻ በእንግሊዝኛ ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ነቀዘ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ደግሞ ረዳት የሚሆኑ ሴቶች ተጠየቁ። ያው ጥያቄ። አንዷ «ኧረ እኔ ምን ነኝ» አለች። አንዷ «እሱ ባለቤቱ ያውቃል» ብላ ወደ ሰማይ አየች። አንዷ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ሳቀች። አንዲት የመተማ ልጅ ደፍራ «ሁለት» አለችና ወዲያው «ወይ ድፍረቴ» ብላ አንዱን መለሰች።

ግሬስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰፈሩ በሙሉ የሐዘን በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲላክልን ልጠይቅ ነው አለች። ልቤ ሳቀ፣ ግን እውነቱን አልነገርኳትም። ስቀጠር የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህን ከጣስኩ ሥራዬ አለቀ። ሰላምን ይዤ ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ?

ራሔልን ውሃ ስቀዳ አገኘኋትና ነገሩን አወራኋት። ከልቧ ሳቀች። ካርቱም ለሥራ ሲጠይቁሽ አስር ካላልሽ ከላስ፣ ወደ ቤትሽ ነው አለችኝ። ቀጥላ ሳቋን አቆመች። «እሷ ከእኔ ትሻላለች፣ አውቃለሁ። ግን እኔም ሥራ እፈልጋለሁ፤ ያኒ ምን ላድርግ?» እታለም የሺን «እሷ» ነው የምትላቸው፤ አረብኛ አንቱታ አላስለመዳትም። ልጠላት ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ግሬስ ራሔልን ልትመርጥ ነው። ጠዋት ነገረችኝ። ያቺ ትልቋ ሴት ጥሩ ሰው ትመስላለች፣ ግን በራሷ የማትተማመን ሰው ብዙ ልጆች እንዴት ትመራለች አለች።

እታለም የሺ በራሳቸው አይተማመኑም! «አንዱም ይበዛብኛል» ያሉትን ሌላ ሰው ስለ እሳቸው ቢደግመው እኮ ሰፈሩን ለቅቆ መሄድ ነው ያለበት።

የአስተርጓሚነት ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። አሁን የምናገረው እንደ ሰፈር ሰው ነው አልኳት። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት፤ እኛ ዘንድ ሰው ለራሱ ቁጥር አይሰጥም፣ ነውር ነው፣ አስር የሚል ሰው ያስፈራል። ታዲያ ጥሩ ሰው በምን ታውቃላችሁ አለችኝ። ጎረቤት ይጠየቃል አልኳት። «ጎረቤት ቢጠላትስ?» አለች። ያም ይታወቃል አልኩ፤ እንዴት እንደሚታወቅ ግን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ። በአማርኛም የምችል አይመስለኝም።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች። እና ሰው ፊት ለፊት ሲመሰገን ምን ይላል? ምስጋናውስ ውሸት ቢሆን? የራሷም አክስት እንዲሁ ናት አለችኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ እያዘዘች «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ብዙ ጠየቀችኝ፣ ግማሹን አላወቅኩትም። ባጄን ራሷ መልሳ ሰጠችኝ። እሑድ እንደገና እንጠይቃለን፣ እያንዳንዷ ስለ ሌላዋ ትናገራለች አለች።

ምነው ይህን ሰኞ ባደረግኩት።

አርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ሥራ የለም። ሰላምን ለሰላምታ ያህል ይዣት ብሄድ እታለም የሺ እሷን ሳሙ፣ እኔን «ደህና ነሽ» ብቻ። ሥጋቶቼ፦ ራሔል ስለ እሳቸው ክፉ ብትናገር። እሳቸው ስለ ራሔል ክፉ ቢናገሩ። እሳቸው ጭራሽ ባይመጡ። ብቻዬን ሳለሁ ለራሴ ከአስር ስንት እንደምሰጥ ልጽፍ ሞከርኩ። ማንም በማያየው ወረቀት ላይ እንኳ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሴ ደርሼ በረክሻ፣ በባጃጁ፣ ሮጥኩ። እታለም የሺ መጥተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ራሔል ተጠየቀች። መጀመሪያ ቀለል አድርጋ ጀመረች፣ ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ። «ልጄ ካርቱም ተኩሱን ከሰማ ወዲህ ቀን ቀን አይተኛም ነበር። አንድ ቀን ከሹግል፣ ከሥራ ስመለስ እሷ ጭን ላይ ተኝቶ አገኘሁት። እንዳይነቃ ብላ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ እግሯ ደንዝዞ እኔ ነኝ ደግፌ ያስነሳኋት።»

ወደ እታለም የሺ ዞርን። ስለ ራሔል ምን ይላሉ? «ንጹሕ ናት። ልጅ አትመታም። የተማረች ናት። እሷን ሹሟት።» ግሬስ ጻፈች። እንግዲህ ይህንንም አልጨምርበት፣ አልቀንስለት!

ግሬስ ግን ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ጎረቤት አይደለሽም?» አለችኝ።

መጀመሪያ በአማርኛ ተናገርኩ፣ እሳቸው እንዲሰሙ። ወባ ጥሎኝ ሰላምን ሳምንት ሙሉ እሳቸው ዘንድ እንዳሳደሯት፤ እኔንም በአጥሚት እንዳነሱኝ፤ ልጄ ገና መናገር ስትጀምር «የሺ» ማለትን ከ«እማ» አስቀድማ እንደተማረች፣ እኔም ቀንቼ እንደነበረ። «በቃሽ፣ በቃሽ» ይላሉ መሬት መሬት እያዩ፤ ግን ሳላቋርጥ ስቀጥል አላስቆሙኝም። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ አጥሮ፣ ግማሽ ነገሩ ቀርቶ።

ሲወጡ ሳያዩኝ አለፉ። ግሬስም ነገ እነግራችኋለሁ ብቻ አለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ራሔል ምክትል ናት፤ ጠዋት ተነግሯት እሺ ብላለች። ከዚያ ሁላችንም መዋያውን ልናይ ሄድን። አዲስ ሰሌን፣ የቀለም ሽታ፣ ባዶ ክፍል። ግሬስ እታለም የሺን ኃላፊ እንዲሆኑላት ጠየቀቻቸው።

«እኔ? አይሆንልኝም። አርጅቻለሁ፣ ሌላ ፈልጉ» አሉ።

ተረጎምኩ። ግሬስ ፊቷ ጠቆረ። ካልፈለገች አላስገድዳትም አለችና ወደ ራሔል ዞረች። እኔ ቶሎ ብዬ፣ ይሄ የእኔ ንግግር ነው ብዬ፣ እንደገና ጠይቂያት አልኳት። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ማለት ያሳፍራል፤ ማዕድ ላይ እንኳ ሳይለመን እጁን የሚዘረጋ የለም አልኳት። ጠየቀች።

«እምቢ አልኩ እኮ» አሉ፣ ድምፃቸው ጠንከር ብሎ።

እዚህ ላይ ፈራሁ። እውነተኛ እምቢታም አለ። ከይሉኝታው በምን እንደሚለይ እኔም ሁልጊዜ አላውቅም። ምናልባት በእርግጥ ደክሟቸው ይሆናል፣ ምናልባት በእኔ ተቀይመው ይሆናል። ግሬስ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አንዴ ብቻ ድገሚ አልኳት፤ ደገመች።

እታለም የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ድረስ ሄዱ። ወደ ውጭ አዩ። መዝጊያውን በእጃቸው ገፋ መለስ አደረጉት።

«ይህ በር በቀጥታ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። ልጅ አምልጦ ይወጣል። በሩ በግቢው በኩል ይሁን በያት።»

ግሬስ ምን አለች፣ እሺ አለች ወይ እያለች ወጠረችኝ። በሩ በግቢው በኩል ይሁን አሉ አልኳት። አልገባትም። ራሔል በሳቅ ፈነዳች። አዎ፣ እሺ ብለዋል አልኩ።

ስንወጣ እታለም የሺ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ሰላምን በጊዜ አምጫት። ጠጉሯንም እኔ እሠራላታለሁ፤ አንቺ አበላሽተሽዋል።»

ያንን ጠጉር ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጬ የሠራሁት ነበር። ቤት እንደገባሁ ፈታሁት።