ሚስተር ኮሊን በትሩን ያስረከቡኝ ሳምንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.፤ ጠዋት 2፡30

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ልምምድ እስኪጀመር ድረስ ኦርኬስትራው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ሆኜ እጽፍልሃለሁ። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ፤ ከዚያ በታክሲ። ጉልበቴ አልከዳኝም። ተመስገን።

ጡረታ የወጣ አቀናባሪ ዳግመኛ ለሥራ ሲጠራ ምን ይባላል? ባለቤቴ አስቴር «ከሙዚየም የወጣ ዕቃ» ትላለች። ትሣቅ። ቴአትር ቤታችን ለአዲሱ ሙዚቃዊ ተውኔት ከእንግሊዝ አገር የኦርኬስትራ መሪ አስመጥቷል፤ ሚስተር ኮሊን ይባላሉ። እኔ ምክትላቸው ነኝ። ከመጀመሪያው ትርኢት በኋላ እርሳቸው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ የመምሪያው በትር ወደ እኔ ይተላለፋል። በዚህ ዕድሜ! ማን አስቦት?

በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ታላላቅ ድምፃዊ» ይላል። ነጠላና ብዙ ቁጥር ተጣልተው። በእርሳስ አረምሁት። ዘበኛው አይቶ አሳለፈኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5፤ ከሰዓት 10፡00

ሥ/አስኪያጇ ወ/ሮ ሠናይት ለተመልካች በሚታደለው ወረቀት ላይ የሚስተር ኮሊንን የሥራ ታሪክ በአማርኛ እንድጽፍ አዘዙኝ። «ከእርስዎ ሌላ ማን በሥርዐቱ ይጽፈዋል?» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅህም።

ሚስተር ኮሊንን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። ገና በጉርምስናቸው፣ ከባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ለቴአትር ልምምድ ፒያኖ ይመቱ ነበር። አንድ ምሽት መሪው በትርኢቱ መካከል ይታመማል፤ ልጁ ከፒያኖው ተነሥቶ በትሩን ያነሣል። ከዚያ በኋላ ከከተማ ከተማ፣ ከኪራይ ክፍል ኪራይ ክፍል። ኋላም ለንደን። ማቀናበርን ያስተማራቸው ችግር ነው፤ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈውን ለጥቂት ሰዎች ማሳነስ ነበረባቸው። «የማያስፈልገውን መተው የተማርሁት ያኔ ነው» አሉኝ። ሕዝብ የሚያውቃቸው ከጀርባቸው ነው። ለዓመታት በመሩበት ቴአትር ቤት ዘበኛው አንድ ቀን ፊት ለፊት ሲያያቸው ቲኬት ጠየቃቸው። በሣቅ ፈነዳን።

በተውኔቱ ልጇን ያጣችው እናት የምታንጎራጉረውን ዜማ ያቀናበሩት እርሳቸው ናቸው። የምትዘፍነው የሺ ናት። እኔ ብሆን ቫዮሊኖቹን በሙሉ አስጮህባት ነበር። እርሳቸው ሁሉን ዝም አሰኝተው ማሲንቆውን ብቻ ተዉላት። ዛሬ ስሰማው ዐይኔ እርጥብ። አቧራ ነው አልሁ። ባልቻ አጠገቤ ነበር፤ የጥንት ጓደኛዬ፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ ትራምፔት የሚነፋ የአብነት ሰፈር ጀግና። «አቧራው ከማሲንቆው ነው የተነሣው?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7፤ ምሽት 12፡00

ነሐስ ነፊዎቹን፣ እነ ባልቻን፣ ለብቻቸው አለማመድሁ። ሁሉም ድሮ በእጄ ያለፉ ናቸው። ሕግ ሰጠኋቸው፤ በእኔ ዘመን ተከብሮ የኖረ አሮጌ ሕግ። ተመልካች «ይደገም!» ብሎ ቢጮህ አይደገምም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ተውኔት ሠርግ ቤት አይደለም። ልጇን ያጣች እናት ስለተጨበጨበላት ተመልሳ አታለቅስም።

ባልቻ ተቃወመ። «ደምሴ፣ ሕዝቡ እኮ ከፍሎ ነው የገባው!»

«የከፈለው አንድ ጊዜ ሊያለቅስ ነው» አልሁት። ሣቁ፤ ተስማሙ።

ለሚስተር ኮሊን አልነገርኋቸውም። ለእንግሊዛዊ ስለ ሥርዐት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው ብዬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9፤ ጠዋት 3፡00

ትናንት የመጀመሪያው ትርኢት። ማታ መጻፍ አልቻልሁም። አሁን ልሞክር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የሺ ታንጎራጉራለች፤ ማሲንቆው ብቻ። አለቀ። ጸጥታ። ከሰገነቱ አንድ ድምፅ፦ «ይደገም!» ወዲያው ሁሉም፦ «ይደገም! የሺዬ፣ በእናትሽ!» እኔ በጎን ተቀምጬ ፈገግ እላለሁ፤ እንግሊዛዊው ንቅንቅ አይሉም ብዬ።

ሚስተር ኮሊን ዘወር አሉ። አዳራሹን አዩ። የሺን አዩ። እጃቸውን አንሥተው ወደ መጀመሪያው መለሱን። ማሲንቆው ጀመረ። ነሐሶቹ ግን ሕጌን አከበሩ! ባልቻ ጉንጩን ነፍቶ የሚቀጥለውን የሠርግ ጭፈራ ለቀቀው። ከበሮው ተከተለው። ተወዛዋዦቹ ትከሻቸውን እየሰበቁ ወጡ፤ በመካከላቸው እናት ታለቅሳለች። አንዱ ከኋላ፦ «ለቅሶ ነው ሠርግ? እንወቀው!» ሕዝቡ በሣቅ ሞተ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መጋረጃ።

ሚስተር ኮሊን ለሥ/አስኪያጇ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምልክቴ ግልጽ አልነበረም» አሉ። ምልክታቸውን ዕውር ያየዋል! ስለ ሕጌ ሳልናገር ኖታዬን ሰበሰብሁ። ወ/ሮ ሠናይት አንድ ኪቦርድና አንድ ሰው ቢኖሩ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር አሉ። ቅዳሜ በሚቀርበው ትርኢት ዳግመኛ ከተበላሸ ኦርኬስትራው ይበተናል። ዛቻ አይደለም። በየምሽት ክበቡ የሆነው ይኸው ነው፤ ባንዱ ተበትኖ ኪቦርድ ገባ።

ባልቻ ወደ ቤቱ ሲሄድ አልቀለደም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11፤ ከሰዓት 9፡00

ሜክሲኮ፣ ኬክ ቤት፣ ከሚስተር ኮሊን ጋር። ስለ ሕጌ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሣቁ። ነሐሶችዎ እንዲህ የሚታዘዙልዎ ከሆነ ቀናሁብዎ አሉኝ።

ለምን ደገሙ? ስል ጠየቅሁ። ያቺን የጠረፍ ከተማ አነሡ። እዚያ አንድ መሪ ሕዝቡ እየጮኸ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ተዋናዮቹ የተናገሩትን ማንም አልሰማ፤ አዳራሹ እስከ መጨረሻው እንዳኮረፈ ቀረ። መሪ በፊቱ መድረኩን፣ በጀርባው አዳራሹን ያዳምጣል አሉ። ማሲንቆውን ብቻውን የተዉት ለዚህም ጭምር ነው፤ አንድ ክር ብቻ ሲቀር መመለስም ማለፍም ይቀላል። ይህን ያህል ዘመን ሳቀናብር ይህ አልታየኝም።

ቢሆንም ተከራከርሁ። እናት አንድን ልጅ ሁለት ጊዜ አታለቅስም አልሁ።

እርሳቸው በእንግድነት ያረፉት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ከመስኮታቸው ሥር ሰሞኑን የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር እናቲቱ እንደ አዲስ ስትጀምር፣ የተቀመጡትም አብረዋት ሲያነሡ ሰምተዋል። «ታዲያ ይደገም ያለው ሕዝብ ለቀስተኛ አይደለም?» አሉኝ።

ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። በዚህ አገር ተወልጄ፣ ስንት ድንኳን ተቀምጬ፣ ይህን እንግዳ ይንገረኝ? እግዜር ይስጣቸው። ከልቤ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13፤ ጠዋት 4፡00

ሚስተር ኮሊን ሄዱ። በአውሮፕላን ጣቢያ በትራቸውን ሰጡኝ። እንግሊዝኛዬ ጠፋ፤ አማርኛዬም። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝሁ፤ በቃ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወ/ሮ ሠናይት። ሕጉ የእኔ ነበረ፣ እንግዳው የተሸከሙት የእኔን ጥፋት ነው አልሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ይህን ለምን ይነግሩኛል?»

ነገ ቢበላሽ የሚሰናበተው መሪው ይሁን፣ ተጫዋቾቹ ቢያንስ እስከ ገና ይቆዩ አልኋቸው። አሰቡበት። ተስማሙ። ቃላቸውን ሰጡኝ። አስቴር ስትሰማ «እንኳን! ዕቃው ወደ ሙዚየሙ ይመለሳል» አለች፤ ግን ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

ከሰዓት በኋላ 11፡00

ልምምድ አለቀ። በየተጫዋቹ ኖታ ላይ የመመለሻ ምልክት በእጄ ጻፍሁ። ማሲንቆው ግራ እጄ እስኪወርድ ይቆያል፤ የቀረው ሁሉ እርሱን ይጠብቃል። ሕጉ መሻሩን ለነሐሶቹ ነገርሁ።

«ንጉሡ አዋጁን ሻረ!» አለ ባልቻ። «ስንቴ እንደምትደግም ብቻ ቀድመህ ንገረኝ፤ ጥርሴን በዚያው ልክ ላጣብቅ።»

ቀልዱ ተመለሰ። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14፤ ከሰዓት 9፡30

ውሳኔዬን ልመዝግብ። ዛሬ «ይደገም» ቢሉ እደግማለሁ። ዳግመኛ ቢሉ የሺን አያታለሁ፤ እሷ ከቻለች እመለሳለሁ። ቢበላሽ ደግሞ የማጣው ከሳምንታት በፊት ያልነበረኝን ወንበር ነው፤ ባልቻና ጓዶቹ በሥራቸው ይቆያሉ። ይህን የሰጠኝን አምላክ፣ ሚስተር ኮሊንንም፣ አመሰግናለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይጮኹ ስጸልይ ኖሬ፣ ዛሬ የምፈራው ዝም እንዳይሉ ነው።

ባልቻ ከደጅ ይጣራል፦ «ሙሽራው አልወጣም እንዴ? ታክሲው ቆሟል!» አስቴር ክራባቴን ይዛ ቆማለች። መጣሁ፣ መጣሁ። ዝም ካሉ ደግሞ እኔ ራሴ «ይደገም!» ብዬ…