የሆስታው ነጭ መስመር

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ገብረአምላክ፦ እንዴት ከረሙ? ቀራንዮ ያለነው ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ውዳሴ፣ ፊደሌ ተለቀ ብለሽ እንዳትስቂ፤ ለአባትሽ ዝም ብለሽ አንብቢላቸው።

ትምህርቱን ተውኩት። አስተማሪው «ሰሌዳውን አንብቢ» እያለ ሲነዘንዘኝ «ራስህ አንብበው!» ብዬው ወጣሁ። አሁን በእትዬ ዘመነች ችግኝ መሸጫ፣ ሆስታ የሚባል ቅጠሉ የሚያምር ተክል በየዝርያው እለያለሁ። ትናንት ባለነጭ መስመሩን ከአረንጓዴው ደባልቄ፣ «ዓይንሽን የት ጣልሽው?» ሲሉኝ ጮህኩባቸው። ዛሬ በውፍረቱ፣ እየዳበስኩ ለየሁ። ዘሩ መስመሩን የሚወርሰው ከእናትየው ነው ብለውኛል፤ አባትየው ምንም ቢሆን አያድነውም።

ጋሼ፣ እርስዎ ዓይንዎ ሳይጠፋ ለመጨረሻ ጊዜ ራስዎ ያነበቡት በስንት ዓመትዎ ነበር? ለእማዬ ሳይነግሩ ይመልሱልኝ። እኔ በጥር አስራ ሰባት ዓመት ይሞላኛል።

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
የእህትዎ ልጅ ሆሳዕና