ከእንሰቱ ጀርባ የሰማሁት ዘፈንሽ

አማርዬ፣

ከሆሳዕና እስከ ሾኔ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ አትሳቂ፤ በማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከኋላ ወንበር። ከተለየሽኝ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። በሕይወት ሳለሽ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ይኸው ዛሬ ስምሽን ጻፍኩ፤ አለማየትሽ ያንገበግበኛል።

ጓሮው ጭር ብሏል። ሴቶቹ እንሰት ሊፍቁ ይሰበሰባሉ፤ ግን ስልክ ከፍተው እሱ ይዘፍንላቸዋል። አንቺ እቤት ውስጥ ቀና ብለሽ አትመልሺልኝም ነበር፤ ፍቂያው ሲጀመር ግን በዘፈን ታብጠለጥይኝ ነበር። «ጉራው ሰማይ ደርሷል፣ ጣሪያው ግን ያፈሳል» ያልሽው ዛሬ ስጽፈው እንኳ ይቆረቁረኛል። በፍቂያ ላይ በዘፈን በተባለ ነገር ቂም አይያዝም፤ ወጉ ነው። ምን ላድርግ? ጣሪያውን አደስኩ።

አሁን በዘፈን የሚነካኝ የለም። ያልኩት ሁሉ ሕግ ሆነ፤ እኔንም አስፈራኝ። ልጃችን ምሕረት አንገቷን ደፍታ «እሺ» ብቻ ነው። ታላላቅ ወንድሞቼ መጥተው ትምህርቷን ትታ ታግባ ሲሉም «እሺ» አለች። ዓይኗ ግን እሺ አላለም። እኔ መናኸሪያውን በጉራ የምሞላው ሰውዬ ታላላቆቼን እምቢ ማለት አቅቶኝ «እሑድ ኑ» ብዬ ሸኘኋቸው። አንቺ ብትኖሪ በአንድ ዘፈን ልክ ታስገቢያቸው ነበር።

ስለዚህ ዘፈንሽን ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩትም ለዚሁ ነው። ግን ወንድ ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት አይደርስ! ከእንሰቱ ጀርባ ቆሜ የሰማሁት ነፋስ ያመጣልኝን ያህል ነው፤ መጨረሻውን ሁልጊዜ ሳቃቸው ይውጠው ነበር። ሴቶቹን ብጠይቅ ረስተውታል። አማርዬ፣ አንቺን አንዴ ቀብሬሻለሁ። ዘፈንሽን በምን አንጀቴ ልቅበር?

ያገኘሁትን ጽፌ ሰጠኋት። ወንድሞቼ እሑድ ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ። ሴቶቹን ለእሑድ ፍቂያ ጠርቻለሁ፤ ምሕረት አፏን ከፍታ ትዝፈን አትዝፈን ግን አላውቅም። እንቅልፍ የለኝም።

ዝናብ ጣሪያዬን በመታ ቁጥር አስብሻለሁ፤ ይህን ጉራ አትበይው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መጨረሻው ላይ «ልጄ አንገት አትደፋም፣ ድምፄም ከቤቴ አይጠፋም» የሚለውን ለምሕረት «የእናትሽ ነው» ብያታለሁ። አንቺ አላልሽውም፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ውኃ ስትቀዳ ስታንጎራጉር የሰማኋት ግን እሱኑ ነው።