ሚስተር ኬለር የተሸከሙት ድንጋይ

ይድረስ ለማከብርዎት ወንድምጋሼ ግዛው። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እማዬስ ዓይኗን ታከመች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሐሳቤ ግን ደህና አይደለም።

የእማዬ የአገውኛ እሽሩሩ አማርኛ ግጥሞቻችን ውስጥ ገብቷል ብለው ሲጽፉ፣ በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ጠይቅልኝ ብለውኝ ነበር። ሌክውድ ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሁለት አዋቂ ሽማግሌዎች አገኘሁ። ሚስተር ኖቫክ ቼክ ናቸው፤ አባታቸውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ሰቅለውባቸዋል። ሚስተር ኬለር እዚያው ቼክ አገር የተወለዱ ጀርመን ናቸው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ በዐሥር ዓመታቸው ቼኮች ቤታቸውን ዘርፈው አባረዋቸዋል። ሁለቱም ያነቡት የነበረው ግን የኬለርን አንድ መጽሐፍ ነው፤ በድሮው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን በጀርመንኛ የተጻፉ ታሪኮች።

ኖቫክ ተውሰውት በቀይ እርሳስ እያሰመሩ፣ ይህ ተረት፣ ይህ እሽሩሩ የእኛ የቼኮችና የሌሎች የስላቭ ወገኖቻችን ሞግዚቶች ነው፣ ጀርመንኛው ልብሱ ብቻ ነው አሉኝ። እኔም ለእርስዎ ብዬ ጻፍኩ። ኬለር መጽሐፋቸው ቀልቶ ሲያገኙት እንደገና የተዘረፉ መሰላቸው። በምርኩዛቸው የኖቫክን ግንባር ፈነከቱት። ልገላግል ስገባ የፊት ጥርሴ ወለቀ።

በማግስቱ ኬለር አለቀሱ። ያንን እሽሩሩ እሳቸውም ያውቁታል፤ ያሳደገቻቸው ሞግዚት ቼክ ነበረች። እንዴት ይቅርታ ልጠይቀው ሲሉኝ፣ እርስዎ የእህታችንን የአልጣሽን ባል የፈነከቱ ጊዜ ድንጋይ በጫንቃዎ ተሸክመው እንደሄዱና እሱ ራሱ አውርዶ እንደሳመዎት ትዝ አለኝ። ከአትክልቱ ቦታ ድንጋይ አምጥቼ አሸከምኳቸው፤ የኖቫክንም ክፍል በር ከፈትኩላቸው። ለኖቫክ ወጉን አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ኖቫክ ያዩት ድንጋይ ይዞ የመጣ ጠላት ነው። የራስጌውን የብረት መብራት አንስተው የኬለርን ጭንቅላት መቱ። ከወደቁም በኋላ ደገሟቸው፤ እስክይዛቸው ድረስ አራት ጊዜ መቱ። ደሙ አልጋው ሥር ገባ። ኬለር በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ሁሉም ሊገድል ገብቶ ተገደለ ይላል። የኬለር ልጅ ፓርክ ሂል ከሚባል ሰፈር መጥታ ዕቃቸውን ስትሰበስብ፣ አባቴ ነፍሰ ገዳይ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሻንጣቸውን ተሸክሜ እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ብናገር ኖቫክ የገደሉት ይቅርታ ሊጠይቃቸው የመጣን ሰው መሆኑን ይሰማሉ፤ ዝም ብል የሟች ስም እንደ ቆሸሸ ይቀራል። ነገ ጠዋት ድንጋዩን ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ። ሥራዬ መቅረቱ አይቀርም፤ መታሰርም ሊኖር ይችላል።

ለባለቤትዎ ለልዕልት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሲናንና ሊዑልን ይሳሙልኝ። አልጣሽንና ባሏን እጅ ነሥቻለሁ ይበሏቸው። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ሳልደውልላት ከቀረሁ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ይበሏት።

ታናሽዎ ምናሉ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.