የአየሁሽ ቀጋ

እኔ አየሁሽ ሰማው፣ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ፣ አስተምሬ ያረጀሁት ቢቸና፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ ሆኜ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፌአለሁ። ኩላሊቴ ከድቶኛል፤ ልቡናዬ ግን አብሮኝ አለ። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ውበቴ ነው። ምስክሮቼ የሞጣው ነጋዴ ሐጅ አብዱረህማን ይማም፣ ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ገብርኤልና አብሮኝ ያስተማረው መምህር ቀለሙ ናቸው። አራተኛው ከጉንደ ወይን እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። ከአልጋዬ ግርጌ ልጄ ወይንእሸትና የአጥር ጎረቤቴ ይርጋነሽ ተቀምጠዋል። ይርጋነሽን የጠራኋት ድርሻ ስላላት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልነገርኋትም።

ቤቱና ግቢው ለወይንእሸት ይሁን። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት፤ በሕመሜ ጊዜ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። መጻሕፍቴን ላስተማርሁበት ትምህርት ቤት ስጡ። መደርደሪያውን ግን አትስጡ፤ ባለፈው የሰጠኋቸውን መደርደሪያ የዶሮ ቤት አድርገውታል።

የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ለሐጅ አብዱረህማን ልሰጥ አስቤ ነበር። ልብ ወለዴን ማንም መጽሐፍ ሻጭ አልቀበልም ባለ ጊዜ፣ በጨርቅ ሱቃቸው ከነጠላው ጎን ደርድረው የሸጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሆኖም አቶ ውበቴ «ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው ሊጠቀም አይችልም፤ ሕጉ ይከለክላል» አለኝ። ሐጅም «ጠረጴዛ ሞልቶኛል፤ አንቺ ብቻ ይሻልሽ» ስላሉ ጠረጴዛው ለወይንእሸት ሆኗል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ።

«አምደ ጽጌ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጥንት ዘመን አስመስዬ የፈጠርሁት፣ ካርታ ላይ የሌለ መንግሥት ታሪክ ነው። ዘንዶ አለበት፤ በገደል አፋፍ የተሠራ ግንብ አለበት። በዚያ አገር ሰው በአፉ ሊናገር የማይደፍረውን ነገር በአበባ ይልካል። አደይ የያዘ መልእክተኛ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። የኑግ አበባ የገበሬው ሠራዊት አርማ ነው። የተልባን አበባ ለዳኞች ሰጠሁ፤ ጠዋት ፈክቶ ከቀትር በኋላ ስለሚረግፍ፣ ዳኛው ሥልጣኑ ጊዜያዊ መሆኑን እንዲያስብ ብዬ። በእነዚህ ዛሬም እኮራለሁ። የቀጋን ነጭ አበባ ግን ባሏን በጠላ መርዛ ለገደለችው ንግሥት ሰጠሁት።

በሰፈራችን በቀጋ የታጠረ ግቢ የይርጋነሽ ብቻ ነበር። አበባው ሲፈካ ሽታው እኔ መስኮት ድረስ ይመጣል። ሕፃናት ፍሬውን ይለቅማሉ፤ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባ የሚቀጥፉት ከእሷ አጥር ነበር። ባሏም ጉበቱን ታሞ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን ጻፍሽው ብትሉኝ ምክንያቱ ያሳፍራል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብላት እንቅልፍ ወሰዳት። ቀኑን ሙሉ ጤፍ ስታርም ውላ ነበር የመጣችው። እኔ ግን ናቀችኝ ብዬ ተቀየምሁና በዚያው ሳምንት ለንግሥቲቱ የቀጋ አክሊል ደፋሁላት።

መጽሐፉ ተነበበ። ተማሪዎች በድራማ ሠሩት፤ ንግሥቲቱን የሆነችው ልጅ የቀጋ ዘለላ ደፍታ ስትወጣ እኔም ቆሜ አጨበጨብሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆች በይርጋነሽ በር ሲያልፉ «ንግሥት ሆይ!» ማለት ለመዱ። በእንቁጣጣሽም አበባ የሚቀጥፍ ጠፋ።

ይህስ ልጅነት ነው ይባል። የእማሆይ ወለተ ገብርኤል ወንድም ያረፈ ጊዜ ግን፣ ይርጋነሽ ወደ ድንኳኑ ጠላ ይዛ መጣች። በጆግ እየዞረች ስትቀዳ ሰው ሁሉ «ጠጥቻለሁ፣ በቃኝ» አላት። እኔ ጋ ደረሰች። መርዙ ያለው መጽሐፌ ውስጥ ብቻ መሆኑን ከሁሉ አብልጬ የማውቅ እኔ ነኝ። አንድ ጉንጭ ብጠጣላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁና ብርጭቆዬን በመዳፌ ከደንሁ። አየችኝና ጆጉን ይዛ ወጣች። በሳምንቱ ቀጋውን አስቆርጣ ቆርቆሮ አቆመች። መስኮቴን በከፈትሁ ቁጥር የማየው እሱን ነው።

ስለዚህ የ«አምደ ጽጌ» የድርሰት መብት ሙሉ በሙሉ ለወይዘሮ ይርጋነሽ ይሁን። ዳግም ይታተም ብትል ይታተም፤ ይቃጠል ብትል ይቃጠል፤ ልጄ እንዳትከራከራት። ይህ የበደሌ ካሣ እንደማይሆን አውቃለሁ። ይርጋነሽ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ይቅር በይኝ።

ከዚህ በኋላ የተባለውንም ጻፍ ብዬ አቶ ውበቴን አዝዣለሁ። «እትዬ፣ ይኼ ኑዛዜ ላይ አይገባም» ቢለኝም ኑዛዜው የእኔ ነው ብዬዋለሁ።

ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በመካከሉ ስልክ ተደወለ፤ አራተኛው ምስክር መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ዛሬ አይደርስም። አቶ ውበቴ ምስክር ከጎደለ ኑዛዜው አይጸናም አለ። ወይንእሸት ጎረቤት ልጥራ ብላ ተነሣች።

«የት ትሄጃለሽ?» አለቻት ይርጋነሽ። «እኔ ጎረቤት አይደለሁም?»

አቶ ውበቴ ደንገጥ ብሎ «እርስዎማ ምስክር ከሆኑ መጽሐፉ ይቀርብዎታል» አላት።

«ማን እወስዳለሁ አለህ? ሲነበብልኝ ያስተኛኝን መጽሐፍ ወርሼ ምን ልሠራበት!»

ሐጅ ሳቁ። እኔ አለቀስሁ። ያኔ ወደ እኔ ዞረች።

«አየሁሽ፣ የጠላውን ነገር አልረሳሁትም፤ ረሳሁ ብዬም አልዋሽሽም። ቀጋው ከቆርቆሮው ሥር ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ እየቆረጥሁት እምቢ ብሎኛል። በእኔ በር ቢያድግ ያው የመርዘኛዋ ነው የሚሉት። ልጅሽ ነቅላ ትውሰደውና በአንቺ በር ትትከለው። የሚያልፍ ሁሉ የአየሁሽ ቀጋ ይበለው።»

እሺ ብያለሁ። እንግዲህ ከላይ ለይርጋነሽ ያልሁት በራሷ ፈቃድ ቀርቶ የድርሰት መብቱ ለወይንእሸት ሆኗል። ግዴታ ግን አለባት። ቀጋውን በቤቴ በር ግራና ቀኝ ትትከል፤ ይህን ቤት ብትሸጥ እንኳ ገዢው እንዳይነቅለው በውሉ ታስገባ። «አምደ ጽጌ» ዳግም ከታተመ ይህ ኑዛዜ አንዲት ቃል ሳይቀነስለት ከፊት ይግባበት። «ንግሥት ሆይ» የሚል ልጅም ካለ ወደ እኔ በር ዞሮ ይበል።

ይህ ሁሉ ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።
አየሁሽ ሰማው (ፊርማ)

ሲነገርም ሲነበብም አብረን ነበርን፤
አብዱረህማን ይማም (ፊርማ)
እማሆይ ወለተ ገብርኤል (ፊርማ)
ቀለሙ ፈንታ (ፊርማ)

አራተኛዋ ምስክር፣ ይርጋነሽ አለሙ (የጣት አሻራ)። «የእኔን ለብቻው ጻፍልኝ» ስላለች እንዳለችው ተጽፏል፦ «እስከ መጨረሻው ሳላንቀላፋ ሰምቻታለሁ።»